«ማሊኪ» ወይስ «መሊኪ»? በአንድ መደርደሪያ ስለተቀመጡ ሁለት ሙስሐፎች

ጥያቄው የተነሣው ከጎንደር፣ ከአዲስ አለም ሰፈር ነው። በመስጊዱ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሙስሐፍ (የቁርአን መጽሐፍ) ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የመዲና እትም ነው፤ ሌላው በመተማ በኩል ከሱዳን የገባ። በመክፈቻዋ ሱራ (ምዕራፍ)፣ በፋቲሓ ላይ የመዲናው «ማሊኪ የውሚዲን» ሲል የሱዳኑ «መሊኪ የውሚዲን» ይላል። አንድ ወጣት የሱዳኑ የኅትመት ስሕተት አለበትና ይውረድ ብሏል። ወሬው ከግቢው ወጥቶ ክርስቲያን ጎረቤቶች ጆሮ ሲደርስ ደግሞ፣ ለካ እስላሞቹም ሁለት ዓይነት ቁርአን ነው ያላቸው ተባለ። ጠያቂው ሁለት ነገር ይፈልጋል። የትኛው ነው ልክ? ደግሞስ ስለ አንድ አያ (የቁርአን አንቀጽ) ስንጨቃጨቅ የምንጨቃጨቀው ስለ ቁርአኑ ነው ወይስ ስለ አማርኛ ትርጉሙ?

የተሰጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ ቃል አስከትላለሁ። ረጋ ብለው የጀመሩት ሰዎች መሐል ላይ ይጋጫሉ፤ ያንንም አልዘለልኩም፣ ጠቃሚው ነገር የወጣው ብዙ ጊዜ ከግጭቱ ነውና።

1ኛ። መላሹ ሁለቱም ልክ ናቸው ብሎ ይጀምርና ምክንያቱን በፊደል ያሳያል። በሁለቱም ሙስሐፍ የቃሉ አጽም አንድ ነው፦ ሚም፣ ላም፣ ካፍ። የመዲናው ከሚም በላይ ትንሽ ቁም አሊፍ (የማስረዘሚያ ምልክት) አለችው፤ የሱዳኑ የላትም፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ከሰባቱ ታዋቂ ቃሪዎች (የንባብ ሊቃውንት) ዓሲምና ኪሳኢ አስረዝመው «ማሊክ» ሲሉ፣ ናፊዕ፣ ኢብን ከሢር፣ አቡ ዐምር፣ ኢብን ዓሚርና ሐምዛ አሳጥረው «መሊክ» ይላሉ። የመጀመሪያው ባለቤት፣ ሁለተኛው ንጉሥ ማለት ነው። የፍርዱ ቀን ባለቤትም ንጉሥም አላህ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። የመዲናው የዓሲም ንባብ በሐፍስ በኩል የተላለፈ ነው። ሱዳን ውስጥ የአቡ ዐምር ንባብ በአድ-ዱሪ በኩል ስለሚነበብ የእናንተውም ያ ነው ሲል ይደመድማል።

2ኛ። አመስግኖ ያርማል። ከሱዳን ስለመጣ ብቻ አድ-ዱሪ ነው አይባልም፤ በወርሽ በኩል የተላለፈው የናፊዕ ንባብ የሚነበብበትም ቦታ አለ፣ ወርሽም «መሊኪ» ነው የሚለው። ስለዚህ በግምት አትፍረዱ ይልና መለያውን ይሰጣል። መጀመሪያ ከኋላ ያሉትን ገጾች ግለጡ፤ የታተመ ሙስሐፍ ንባቡና አስተላላፊው ማን እንደሆነ እዚያ ይጽፋል። ገጹ ከተቀደደ የመጨረሻዋን ሱራ፣ ሱረቱን-ናስን ክፈቱ። አድ-ዱሪ እዚያ «ናስ»ን ያዘነብላታል፤ በእኛ ፊደል ብንጽፋት «ና» ሳትሆን ወደ ሃምሱ «ኔ» የቀረበች ናት። ኅትመቱም ከፊደሉ ሥር ምልክት ያደርግላታል። ወርሽ እዚህ ቦታ አያዘነብልም። የወርሽ እትም በመግሪቦች (በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ) አነጣጠብ ከሆነ ደግሞ «ፋ» ነጥቧ ከታች ነው፣ «ቃፍ»ም ከላይ አንድ ነጥብ ብቻ ናት። የመዲናውን ለለመደ ዓይን ይህ ስሕተት ይመስላል፤ ወጣቱንም ያሳሳተው ምናልባት ይኸው ነው።

3ኛ። ክርስቲያን ነው፣ በጨዋ አነጋገር ይገባል። ጎንደር የአንድምታ አገር ናት፤ አንዱን የመጽሐፍ ቃል አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ እያሉ መተርጎም ለሊቃውንቱ ነውር ሆኖ አያውቅም ይላል። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባለውን የትርጓሜ ልዩነት፣ የታች ቤቱን የመምህር ኤስድሮስን ስምም ያነሣል። ጎረቤቶቹ ሁለት ቁርአን ማለታቸው የራሳቸውን ቤት ካለማወቅ የመጣ ነው፤ የሙስሊሞቹም ንባብ እንደ አንድምታው ነው ብሎ ያስማማል።

4ኛ። ለጨዋነቱ አክብሮት ሰጥቶ፣ ማነጻጸሪያው ግን ቦታውን ስቷል ይላል። ቂራኣት (የንባብ መንገዶቹ) የትርጉም ብዛት አይደለም፤ የንባቡ የራሱ መተላለፊያ ነው። አንድ ንባብ እንዲቆም ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ከአፍ ለአፍ የተያያዘ የታመነ ሰንሰለት፣ ከኸሊፋው ዑስማን ሙስሐፍ የፊደል አጽም ጋር መስማማት፣ በዐረብኛ ሰዋስው መቆም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ትርጉሙ ቢያምርም ሶላት ላይ አይነበብም። ሰባቱን ኢብን ሙጃሂድ ለየ፣ አሥር ሲሞሉ ኢብኑል ጀዘሪ አጸና። የአንድምታው አቻ ተፍሲሩ (የቁርአን ማብራሪያው) ነው። የተፍሲር ሊቁ ጠበሪ በአንድ አያ ላይ የቀደምቶቹን አስተያየት አንድ በአንድ ከነሰንሰለቱ ይደረድራል፤ ከዚያ ግን እንደ አንድምታው ሁሉንም አቅፎ አያልፍም፣ ትክክለኛ ነው የሚለውን መርጦ ይወስናል። ጀላለይን የተባለው አጭር ተፍሲር በተቃራኒው ቃሉ አጠገብ አጭር ፍቺ ብቻ አስገብቶ ይሄዳል። እዚህ ላይ መላሹ የሚያነሣው ነገር ትልቅ ነው፦ ደረሳው (ተማሪው) ጀላለይንን ብቻ ቀርቶ ከወጣ፣ እያንዳንዱ አያ አንድ ፍቺ ብቻ ያለው ይመስለዋል፤ ሌላ ፍቺ የሰማ ቀን ተናጋሪውን ጠማማ ይለዋል።

5ኛ። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የገባው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ ከሁሉ የወደድኩትም ይህን ነው። ሱረቱ ኣሊ ዒምራን 3፥7 ራሱ ስለ ትርጓሜ የሚናገር አያ ነው። ከቁርአኑ ግልጽ የሆኑና ተመሳሳይ የሆኑ (ፍቺያቸው በግልጽ ያልተለየ) አያዎች እንዳሉ ይናገርና የተመሳሳዮቹን ፍቺ ማን እንደሚያውቅ ይገልጻል። ክርክሩ ያለው አንባቢው የት ይቆማል በሚለው ላይ ነው። «አላህ» ላይ ከቆመ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ በዕውቀት የጸኑት አመንን ይላሉ እንጂ አያውቁም። ሳይቆም ካለፈ እነሱም ያውቃሉ ማለት ይሆናል። በመዲናው እትም እዚያ ቦታ ያለችው ትንሽ ምልክት መቆሙ ይሻላል፣ መቀጠልም ይቻላል የምትል ናት። በህንድና በፓኪስታን እትሞች ሚም ተቀምጣለች፤ መቆም ግድ ነው ማለት ናት። እንግዲህ ሁለት አማኞች ገና ፍቺ ሳይጀምሩ እስትንፋስ መሰብሰቢያው ላይ ይለያያሉ። አማርኛው ግን ይህን ክፍት አድርጎ ማስቀመጥ አይችልም፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ይመጣልና። ወይ ከአላህ በቀር የሚያውቀው የለም ብለህ ትዘጋለህ፣ ወይ ከአላህና በዕውቀት ከጸኑት በቀር የሚያውቀው የለም ትላለህ። «የለም» ካልክ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ አልቋል። ዐረብኛው ለአንባቢው የተወውን ምርጫ አማርኛው ላይ ተርጓሚው ጨርሶት ያድራል።

6ኛ። በአጭሩ ያክላል። የቀድሞው የተፍሲር ሊቅ ሙጃሂድ (ከ4ኛው መልስ ኢብን ሙጃሂድ ሌላ ነው) ሳይቆሙ ከሚያልፉት ወገን ነው፤ ከኢብን ዐባስም ፍቺውን ከሚያውቁት አንዱ ነኝ ማለቱ ይተረካል። ኢብን ከሢር «ተእዊል» የሚለው ቃል ሁለት ጎን ስላለው ሁለቱም አቋቋም ቦታ አለው ይላል፤ የነገሩ የመጨረሻ እውነታ ከሆነ አላህ ብቻ ያውቀዋል፣ ማብራሪያ ማለት ከሆነ ግን ዓሊሞችም ያውቁታል። (ይህ የተፍሲር ጸሐፊው ኢብን ከሢር 1ኛው መልስ ላይ ከተጠቀሰው ቃሪ ጋር ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ ሰው አይደሉም።)

7ኛ። በ5ኛው መንገድ ሌላ ምሳሌ ያመጣል፤ የውዱእ (ከሶላት በፊት የመታጠብ) አያ፣ አል-ማኢዳ 5፥6። ፊትና እጅ ይታጠባል፣ ራስ ይታበሳል፣ ቀጥሎ እግር ይመጣል። «አርጁለኩም» ብሎ «ላም» የምትባለውን ፊደል በፈትሓ («ለ» አድርጎ) ያነበበ እግርን ከፊትና ከእጅ ጋር ያስተሳስረዋል፣ ስለዚህ ይታጠባል። ናፊዕ፣ ኢብን ዓሚር፣ ኪሳኢና ሐፍስ እንዲህ ያነባሉ። «አርጁሊኩም» ብሎ በከስራ («ሊ» አድርጎ) ያነበበ ከራስ ጋር ያያይዘዋል፤ ኢብን ከሢር፣ አቡ ዐምር፣ ሐምዛና፣ እንደ ሐፍስ የዓሲም አስተላላፊ የሆነው ሹዕባ። ሺዓዎች እግርን ማበስ ነው የሚሉት በዚህ ነው። አሁን አማርኛውን እዩ ይላል፦ «ራሳችሁን»፣ «እግራችሁን»። የሚታጠበውም የሚታበሰውም ያችኑ «ን» ይይዛል። ክርክሩን የተሸከመችው አናባቢ አማርኛ ውስጥ መግቢያ ስለሌላት ተርጓሚው «እጠቡ» የሚል ግስ ከራሱ ካልጨመረ አንባቢው እግሩንም ያብሳል። የጨመረውም ልክ ነው፤ ግን መጨመሩን አንባቢው ይወቅ።

8ኛ። ቁጣ። ጎንደር ውስጥ ስለ ሺዓ ማን ጠየቀ፣ ሰው አታወናብዱ ይላል። ሌላ ነገር የለበትም።

9ኛ። ለ8ኛው በደረቁ ይመልሳል። የከስራው ንባብ የሺዓ አይደለም፤ ከሱኒ ቃሪዎች የተላለፈ ነው፣ ሱኒ ዓሊሞችም ሲያብራሩት ኖረዋል። ከፊሎቹ ድምፁ ብቻ ከጎኑ ያለውን ቃል ተከትሎ ነው ይላሉ፣ ከፊሎቹ ኹፍ (የቆዳ ካልሲ) በእግር ላይ ሲኖር ለሚደረገው ማበስ ነው ይላሉ። መታጠቡን ያጸናው ውዱእ ላይ ተረከዛቸው ሳይርስ የቀሩትን ነቢዩ በእሳት ያስጠነቀቁበት ሐዲስ ነው። ይህን መደበቅ ጉዳቱ ቀላል አይደለም ባይ ነው፦ ልጁ ነገ ከስራውን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው የተደበቀ ነገር ያገኘ ይመስለዋል።

10ኛ። ከውጭ የመጣ፣ ስለታም። ይህ ሁሉ የአናባቢ ጨዋታ ነው፣ ዋናው ሙሽሪኮችን (ጣዖት አምላኪዎችን) ባገኛችሁበት ግደሉ የሚለው 9፥5 ነው ይላል፤ ያ አያ የሰላሙን አያዎች በሙሉ ሽሯል፣ ሙስሊሞችም ያውቁታል ሲል ይከስሳል።

11ኛ። ለዚህ የተሰጠው መልስ ሁለቱንም ወገን ይቆነጥጣል። ከ9፥5 አንድ መስመር ወደ ላይ ውጣ፤ 9፥4 ውሉን ያላፈረሱትን ሙሽሪኮች ውላቸው እስከ ጊዜው ይጠበቅላቸው ይላል። አንድ መስመር ወደ ታች ውረድ፤ 9፥6 ጥገኝነት የጠየቀውን አስጠጋው፣ ከዚያም ወደሚተማመንበት ቦታ አድርሰው ይላል። ነገሩ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከዐረብ ሙሽሪኮች ጋር ስለነበረ ውል ነው። ከመቶ በላይ አያ በዚህ ተሽሯል ያሉ የቀድሞ ጸሐፊዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ መላሹ አይክድም። ነገር ግን ሊቁ ሱዩጢ የተሻሩትን በጠቅላላው ወደ 20 ያወርዳቸዋል፣ የህንዱ ሻህ ወሊዩላህ ደግሞ 5 ላይ ያደርሳቸዋል። ከመቶ በላይ የሚለውን መርጦ የያዘ የውጭ ሰው ከአክራሪው ጋር አንድ ንባብ ላይ ተቀምጧል። ሙስሊሙም 2፥256ን፣ በሃይማኖት ማስገደድ የለም የሚለውን፣ ክርክር እንዳልነበረበት አድርጎ አይጥቀስ ይላል። ተሽሯል ያሉ ነበሩ፤ ጠበሪ ግን አልተሻረም ብሎ የወሰነበትን ምክንያት ጽፏል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ሲከራከር ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም።

12ኛ። ተግባራዊ ነው፣ እንዲያውም መግቢያ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ጥቅስ ስትለዋወጡ ቁጥሩ የማይገጥመው ብዙ ጊዜ ዋሽታችሁ አይደለም። የቆዩ የአውሮፓ መጻሕፍት ፍሉገል በ1834 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ያሳተመውን አቆጣጠር ይከተላሉ፤ የዛሬው የተለመደው ከ1924ቱ የካይሮ እትም ነው፣ የኩፋዎች (በኢራቅ የኩፋ ከተማ ሊቃውንት) አቆጣጠር፣ 6236 አያ። ቁጥሩ በአንድም በብዙም ይዛነፋል፤ ካልገጠመ ሁለት ሦስት አያ ከላይና ከታች እዩ። ፋቲሓ በሁሉም 7 ነው፤ ኩፋዎች ቢስሚላህን አንድ ብለው ሲቆጥሩ፣ የማይቆጥሩት የመጨረሻውን አያ ለሁለት ይከፍሉታል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ስለ ቅንፍ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በታተመው የአማርኛ ትርጉም ውስጥ በቅንፍ የገባው የተርጓሚዎቹ ማብራሪያ ነው። በስልክ ሲቀዳ ቅንፉ ይወድቅና ቃሉ ይቀራል። ከዚያ ሙስሊሙ የሰውን ማብራሪያ አላህ ያለው ነው ብሎ ይምላል፣ የውጭውም ሰው በዚያው ቃል ቁርአኑን ይከስሰዋል።

13ኛ። ከዚህ በኋላ መስመር ተሳተ። አንዱ 5፥5ን አነሣ፦ መጽሐፍ የተሰጣቸው ሰዎች ምግብ ለእናንተ ሐላል ነው የሚል አያ እያለ፣ በጎንደር ሰርግ ላይ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ በሁለት ድስት የሚሠራው ለምንድን ነው?

14ኛ። የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሰው ይመልሳል። «ምግብ» የተባለው የታረደውን እንደሚጨምር ከኢብን ዐባስ ተላልፏል፤ በመሠረቱ ክርክር የለም። ክርክሩ አራጁ ከአላህ ሌላ ስም ሲጠራ ነው። እንደ ዐጣእና መክሑል ያሉት የቀድሞ ሊቃውንት አላህ የሚሉትን እያወቀ ፈቅዶላቸዋል ብለው ያልፋሉ፤ ሌሎች የአላህ ስም ያልተጠራበትን አትብሉ የሚለውን 6፥121ን ይዘው ይከለክላሉ። የእኛ አገር ክርስቲያን ቢላዋውን ሲያነሣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ስለሚል ነገሩ ልክ ክርክሩ ያለበት ቦታ ላይ ወደቀ። ክርስቲያኑም የእስላሙን አይበላም፤ ሥጋው እዚህ አገር የሃይማኖት ምልክት ሆኗል።

15ኛና 16ኛ። እዚህ ላይ ሁለቱ ተያያዙ። አንዱ የሥጋው መለያየት ከዐፄዎቹ የመጣ በደል ነው ይላል፤ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ያስወሰኑበትን፣ የአዲስ አለምም ታሪክ ከዚያ የሚመዘዝ መሆኑን ያነሣል። ሌላው ዐዋጁን ሳይክድ፣ የአያ ጥያቄ ውስጥ የሰፈር ቂም አታስገባ ብሎ በስም ጠርቶ ይዘልፈዋል። ዘለፋው አያስፈልግም ነበር፤ ታሪኩ እውነት ነው፣ ሰዎችም እርስ በርስ መጽሐፋቸውን ሳያውቁ የኖሩበትን ምክንያት በከፊል ያስረዳል።

17ኛ። ለማብረድ ይመስላል፣ የግዕዝ ቃላትን ያመጣል። «ማኢዳ» ከማእድ፣ «ሐዋሪዩን» ከሐዋርያ፣ የ24፥35ቱ «ሚሽካት» ከመስኮት፣ «ሙናፊቅ» ከመናፍቅ። ሱዩጢም ሚሽካትን የሐበሻ ቃል ብሎ መዝግቧል። ወዲያው አንዱ ያርመዋል፦ ሙናፊቅን የዐረብ ሊቃውንት ከ«ናፊቃእ» ያወጡታል፤ የበረሃ አይጥ ስትሸሽ ከምትወጣበት የተደበቀ ቀዳዳ። ኢማም ሻፊዒም ቁርአን ውስጥ የባዕድ ቃል አለ መባሉን አይቀበልም። የቋንቋ ሊቁ አቡ ዑበይድ ግን አስታርቆታል፤ ሥሩ የባዕድ ነው፣ ዐረቦቹ ተናግረውት ዐረብኛ ሆኗል።

18ኛ። የጻፈችው እህት ናት፣ አነጋገሯም ቁርጥ ያለ ነው። የእናንተ ልዩነት መደርደሪያ ላይ ነው፣ የእኛ ኑሮ ውስጥ ነው ትልና 2፥228ን ታነሣለች። የተፈታች ሴት ሦስት «ቁሩእ» ትጠብቃለች። ቃሉ በዐረብኛ የወር አበባንም፣ በሁለት ወር አበባ መካከል ያለውን ንጽሕናም ይጠራል። ከፊቅህ ኢማሞቹ ሻፊዒና ማሊክ ንጽሕናውን፣ አቡ ሐኒፋ (የሐነፊ መንገድ መሪ) ደሙን ያዙ። ስሌቱን እንዲህ ታስቀምጠዋለች፦ ባል በንጽሕናዋ ወቅት ከፈታት፣ በሻፊዒ ያ የቀረው ንጽሕና ጥቂት ሰዓት ቢሆንም አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ሦስተኛው የወር አበባ ሲጀምር ዒዳዋ (የመጠበቂያ ጊዜዋ) አለቀ። በሐነፊ ሦስተኛው ጀምሮ እስኪያበቃ አላለቀም። ልዩነቱ ጥቂት ቀን ነው፤ ግን በእነዚያ ቀኖች ባል መመለስ ይችላል ወይስ አይችልም? ቢሞት ትወርሳለች ወይስ አትወርስም? በሰሜኑ ሻፊዒም ሐነፊም፣ ሁለቱም መዝሀብ (የፊቅህ መንገድ) ስለሚቀራ፣ ኒካሑ (ጋብቻው) በአንዱ ታስሮ ፍቺው በሌላው ሲቆጠር ሴቲቱ መሐል ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ፍቺው የተነገረበትን ቀን በጽሑፍ ያዙ፣ ንጽሕና ላይ ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለውንም ጨምሩ ትላለች፤ ቃዲው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። ሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ታስታውሳለች። ለዚህች መልስ የጻፈ የለም፤ መጻፍ ነበረባቸው።

19ኛ። ጠያቂው ተመልሶ መጣ። በ2ኛው መለያ ፈትሾታል። የኋላው ገጽ የለም። ሱረቱን-ናስ ላይ ከፊደሉ ሥር ምንም ምልክት አልተገኘም፤ «ፋ» ነጥቧ ከታች ነው፣ «ቃፍ»ም አንድ ነጥብ ብቻ አላት። የሱዳኑ ሙስሐፍ አድ-ዱሪ ሳይሆን ወርሽ ኖሯል። 1ኛው መላሽ ይህን አንብቦ መሳሳቱን ወዲያው ተቀብሏል፤ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፦ በአንድ ረከዓ (የሶላት ዙር) ውስጥ ሐፍስንና ወርሽን እየቀላቀሉ ማንበብ ዓሊሞቹ የሚነቅፉት ስለሆነ፣ ኢማሙ በየትኛው እንደሚያሰግድ ቀድሞ ይወስን። ሙስሐፉ አልወረደም። ሽፋኑ ውስጥ «ንባቡ የናፊዕ፣ አስተላላፊው ወርሽ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ከመዲናው ጎን ተመልሶ ተቀምጧል፤ የመዲናውም ላይ የራሱ ተለጥፎበታል።